በማልያው ደረት ላይ ያለው እድፍ

የቀበሌያችን አዳራሽ ዘበኛ ከሆንሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ስኳር፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ጽዳት ሲሰበሰቡ አይቻለሁ። ሰው ከልቡ ሲናገር ያየሁት ግን በማልያው ስብሰባ ብቻ ነው። ስለ ስኳር ዝም ያለው ሁሉ ስለ ጨርቅ አፍ አወጣ።

በታኅሣሥ 1980 ብሔራዊ ቡድኑ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫ በላ። የእኛም ከተማ ሦስት ቀን ጮኸ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አካሉ ጩኸቱ ሳይበርድ አንድ ሐሳብ አመጣ። ለቀበሌው ቡድን አዲስ ማልያ ይሰፋል፤ ጨርቁን የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሰጣል፤ አምሳያው ግን ብሔራዊ ቡድኑ ከጥንት እስከ ዛሬ ከለበሳቸው ሁሉ ምርጡ ይሆናል። ምርጡን ደጋፊዎች እጅ አውጥተው ይለያሉ። የድሮ ፎቶግራፍ ያለው ይዞ ይምጣ ተባለ። ቀኑ ጥር 22፣ እሑድ ከቀትር በኋላ።

ቡርሀን ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ቡርሀን አባቱም አያቱም ከሐይቁ ዳር ያልራቁ እስላም ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጀልባ ይሠራል። ኳስ አያውቅም። በገዛ እጁ የሠራት አዲስ ጀልባ ከኅዳር ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተገልብጣ ነበር። ያለ ቀበሌው ደብዳቤ ሐይቅ አትገባም፤ ደብዳቤው ደግሞ ፊርማ አጥቶ ጓድ አካሉ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር ተኝቷል። ጀልባ ውሃ ካላገኘች ሳንቃዋ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያዋ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ማገዶ ናት። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከተማው ዓሣ የሚፈልገው ያኔ ነው።

«አያ መርስዔ፣ እንዴት ዋሉ?» አለኝ። ዘንቢል ይዟል።

«ደኅና። ምንድን ነው የያዝኸው?»

«ሁለት ቀረሶ። ለሊቀ መንበሩ ነው። ጓዳ ያስቀምጡልኝ።»

«ያለፈውም እሑድ ዓሣ አምጥተህ ነበር።»

«ያለፈው እሑድ ‹ይታያል› አሉኝ። በዓይናቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚያዩት በሆዳቸው ኖሯል።»

ከዓሣው ላይ የታጠፈ ጋዜጣ አነሣና ዘንቢሉን ሰጠኝ። ጋዜጣው ለስብሰባው ነው አለ። በ1954 ጥር አባቱ የደረቀ ዓሣ ሊሸጥ አዲስ አበባ ወርዶ ያመጣው ነው። ሰውዬው ማንበብ አይችልም፤ ዋንጫ የያዙት የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ሲስቁ ደስ አሉትና ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ሳቁ። ቡርሀን ፎቶግራፍ ያመጣ ሰው ፊርማ አይከለከልም ብሎ ያን ዕለት ላጠው፤ ልጦም ከዓሣው ጋር በአንድ ዘንቢል ከተተው። ዓሣ አጥማጅ ወረቀት የሚይዘው እንዲህ ነው።

ዘንቢሉን ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ሰው ሞላ። መጀመሪያ የተነሣው የታኅሣሡ ማልያ ነው። አለበል የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አረንጓዴው ደማቅ ነው አለ። መምህር ዓምደ ሚካኤል ደማቅ አይደለም፣ እንደ ጥድ ቅጠል ጠቆር ይላል አለ። ግማሹ ከጸሐፊው፣ ግማሹ ከመምህሩ ጋር ሆነና አንድ ሰዓት ተከራከሩ።

«ቀለሙን የት አያችሁት?» አለች ፀሐይወርቅ። ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ናት፤ ከሸዋ የመጣች። «ሁላችንም ያየነው በዚህ አዳራሽ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ነው። እኔም እዚሁ ነበርኩ።»

«በዓይነ ኅሊና ይታወቃል፣ ጓዲት» አላት ዓምደ ሚካኤል።

«አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ሸምኛለሁ። በዓይነ ኅሊና የተነከረ አንድም አላጋጠመኝም።»

ሳቁና ክርክሩን ቀጠሉ። ከዚያ ጓድ አካሉ የቡርሀንን ጋዜጣ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰው ከወንበሩ ተንጠራራ። አለበል ዓይኑን ጠረገ። «አንገትጌው ሲያምር» አለ፣ «እንዲህ ያለ ማልያ ከዚያ ወዲህ አልተሰፋም።» ሌላው ልጅ ሳለሁ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ አለ፤ ማልያን በሬዲዮ እንዴት እንደሰማው አልጠየቁትም። ለድምፅ ሲጠየቁ ሁሉም እጁን አወጣ። ቡርሀን ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

እጁ ሳይቆጠር ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ከአለበል ደረሰ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የመካከለኛው ተጫዋች ደረት ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ይህ ጠቆር ያለው። ከላይ ሦስት ጫፍ አለው።»

«ዘውድ ይመስላል» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

እጆቹ መውረድ ጀመሩ። ዓምደ ሚካኤል የተሰቀለ እጁን ወደ ራሱ መልሶ ማከክ ያዘ። ራሱን አክኮ ሲጨርስ፣ «እኔ ያደነቅሁት ስፌቱን ነው» አለ፤ «ስፌት የሠራተኛው መደብ ሥራ ስለሆነ።» በሬዲዮ የሰማውም አልሰማሁም አለ። ዓይኑን ጠርጎ የነበረው አለበል ተነሣ። «እንዲህ ያለ ምልክት ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳው ላይ አክብሮ ያኖረ ሰው መጠየቅ አለበት» አለ።

«ቡርሀን፣ ተነሥ» አለ ጓድ አካሉ። «ይህ ምንድን ነው?»

ቡርሀን ጋዜጣውን አየ። ቀጥሎ የጓዳውን በር አየ። እንደገባው አየሁ። የዓሣ ቅባት ነው ቢል የየትኛው ዓሣ ይሉታል፤ ዓሣውን የሚበላውን በጉባኤ ፊት የጠራ ሰው ፊርማ አያገኝም። ዝም ቢል ደግሞ ዘውድ አኗሪ ነው።

«አላውቅም ጓድ» አለ።

«ቤትህ ተለጥፎ?»

«ቤቴ ሳለ ይህ አልነበረበትም።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ነገሠ?» አለ አለበል። ሳቁለት።

«የጀልባህ ጉዳይ እንደ አዲስ ይጣራል» አለ ጓድ አካሉ። «እስከ ሰኔ ጠብቅ።»

ቡርሀን ተቀመጠ። ሰኔ ማለት ማገዶ ማለት እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። የሰው መርከስ ካለ ይህ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ሰማንያ ሰው ተሰብስቦ አንድ እድፍ ፈራ።

ዘበኛ ስብሰባ ላይ አይናገርም። ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወረቀቱን ያሽትቱት።»

«አባባ፣ እርስዎ በር ይጠብቁ።»

«እየጠበቅሁ ነው። የኋላውንም በር ጭምር። ያሽትቱት።»

ጓድ አካሉ ወረቀቱን ከአለበል ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ባለፈው እሑድ የበላውን ዓሣ ሽታ የሚረሳ ሰው የለም። ዓይኑ ወደ ጓዳው ሄደና ቶሎ ተመለሰ።

«ምን ይሸታል፣ ጓድ?» አለች ፀሐይወርቅ።

«እርጥበት» አለ። «የድሮ ወረቀት እርጥበት ነው። ዘውድ አይደለም።»

«እኔም ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ እንጂ ዘውድ ነው አላልሁም» አለ አለበል።

እኔ አልተቀመጥሁም። ሄጄ የጓዳውን መዝጊያ ያዝሁ።

«ይበቃል አባባ» አለኝ ጓድ አካሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የቡርሀንን ደብዳቤ ላምጣ ወይስ ሌላውን?»

ብዕሩን አወጣ። «ደብዳቤውን ያምጡ» አለ።

ከመሳቢያው አወጣሁት። ማኅተሙንም አመጣሁ። በሰው ሁሉ ፊት ፈረመና ለሠርቶ አደሩ የሚሰጥ አገልግሎት እንዲህ ፈጣን መሆን አለበት አለ። አጨበጨቡ። ቡርሀን ደብዳቤውን በኪሱ ከትቶ ወጣ። ጋዜጣውን አልጠየቀም።

ድምፁ እንደገና ተሰጠ። የድሮውን ማልያ ያነሣ የለም። የታኅሣሡ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ፤ ቀለሙ ምን እንደሆነ በሚቀጥለው እሑድ እንዲወሰን ተባለ።

ጀልባዋ በማግሥቱ ሐይቅ ገባች። ሁለት ቀን በሁለት መገጣጠሚያዋ ውሃ አስገባች፤ ቡርሀን በጣሳ እየጨለፈ ዋለ። በሦስተኛው ቀን እንጨቱ አብጦ ገጠመ።

ጓድ አካሉ ዓሣውን አልወሰደም። የዚያን ዕለት ሰው በር ላይ ቆሞ ስለነበር ሳያየው አለፈ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ጓዳው ዝር አላለም። እኔም አላወጣሁትም። ዓሣው የእኔ አይደለም።

በሚቀጥለው እሑድ ሲሰበሰቡ አዳራሹ ሸትቷል። ሴቱ በነጠላ፣ ወንዱ በመሐረብ አፍንጫውን ያዘ። አለበል አፉን ሸፍኖ አረንጓዴው ደማቅ ነው አለ። ዓምደ ሚካኤል አፉን ሸፍኖ እንደ ጥድ ቅጠል ነው አለ።

ፀሐይወርቅ ከኋላ መጥታ ከጎኔ ቆመች። «አባባ፣ ምን ሞቶ ነው?»

«ሁለት ቀረሶ።»

ወደ ጓዳው አየች፤ ወደ ሊቀ መንበሩ አየች። መስኮቱን ከፈተችና እዚያው ቀረች። በመስኮቱ የቡርሀን ጀልባ ወደ ዘጌ ስትሄድ ትታያለች።

«ደማቁን የምትደግፉ» አለ ጓድ አካሉ። ሁሉም በአንድ እጁ አፍንጫውን እንደያዘ ሌላውን አወጣ።