በከበሮው ውስጥ የተደበቀ ሳል

ሣራ ሳሏን በደበሌ ከበሮ ውስጥ መደበቅ ከጀመረች ሰንብታለች። ከበሮው ሲደምቅ ትስላለች፤ ሲቀዘቅዝ ትውጠዋለች። ደበሌ የጂንካ ቀበሌ ኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነው።

ዛሬ ግን መደበቁ አላዋጣም። ጠዋት ጤና ረዳቱ ውባየሁ በሩን ዘግቶ፣ «የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል» አላት። መዳኑን ሰምታ ሳትጨርስ በቡድኑ አብሯት የሚዘፍነው እጮኛዋ ወንድሙ፣ የእሱም እናት፣ ለብቻዋ የሚለይላት ብርጭቆ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉ።

«አብረውሽ የሚዘፍኑት መመርመር አለባቸው። ስምሽን ግን ከእኔ አፍ አይሰሙም።»

«እኔን ትተህ እነሱን ብትመረምር ይነቁብኛል። ከእነሱ ጋር ቁጠረኝ።»

ውባየሁ አሰበና ፈገግ አለ። «እንግዲያው እንደገና አክታ ልትተፊ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል በአዳራሹ ሲለማመድ ውባየሁ ክዳን ያላቸው ትናንሽ የአክታ ዕቃዎች በካርቶን ይዞ ገባ። «ከመካከላችሁ አንድ ሰው ነቀርሳ ተገኝቶበታል። ሁላችሁም ትመረመራላችሁ።»

ከበሮው ቆመ።

«ማን ነው?» አለች የቡድኑ መሪ የሺመቤት።

«እሱን አልናገርም፣ እትዬ የሺመቤት።»

«ታዲያ ከማን እንጠንቀቅ?»

«ከተዘጋው መስኮት።»

ዓይን ሁሉ ግን ቀጭኑ ክራር መቺ አበራ ላይ አረፈ። ከጎኑ የነበረው ወንበሩን ሳብ አደረገ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ስወለድም ቀጭን ነበርኩ!» አለ አበራ። ክራሩን ግን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ሣራ አላስቻላትም። እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ደበሌ ቀደማት።

«ልጁን ተዉት! እኔ ነኝ፤ ከበሮዬም ጭምር። በል ውባየሁ፣ ለከበሮዬም አንድ ዕቃ ስጠው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አበራም ሳቀ።

ውባየሁ ሁሉንም በከተማዋ መሀል ወዳለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር አወጣቸውና አራርቆ አቆማቸው። «የሚሳለው ከደረት ነው፤ ከጉሮሮ አይደለም!» ደበሌ ከበሮውን ሲጀምር በምቱ ይስሉ ጀመር። የሺመቤት ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳለች። ሣሩን የሚግጡት ላሞች ደንብረው ሸሹ።

የሣራም ሳል መጣ። ገና ከደረቷ ሳይነሳ ከበሮው ደመቀ። ዞር አለች። ደበሌ ላሞቹን እንጂ እሷን አያይም። ያን ሁሉ ጊዜ ከበሮው እንዲሁ በአጋጣሚ ይደምቅላት እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባት።

እጇን አንስታ፣ ይብቃህ አለችው። ከበሮው ዝም አለ። ሣራም ሳሏን በሜዳው ላይ ከደረቷ ለቀቀችው።

«ጎበዝ!» አለ እጮኛዋ ወንድሙ እያጨበጨበ፤ «ከሁላችንም በለጠች!»