ከድልድዩ ወዲህ ኢድ ነበር

አባቴ ተውስ ኻን አርባ ዓመት ሙሉ የመንደራችን የጨረቃ ምስክር ነበር። መተዳደሪያው ሌላ ነው፤ የአገዳ ጭማቂ በትልቅ የብረት ድስት እያፈላ ጥቁር ስኳር ያወጣል። ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲል ግን የመንደሩ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ጣሪያ ቀና ብሎ ያያል። እሱ "አየኋት" ካለ በማግስቱ ኢድ ነው። ዝም ካለ አንድ ቀን እንጨምራለን። ቴሌቪዥኑ ያሻውን ይበል፤ ከወንዙ ወዲህ ያለነው ሰባት መንደሮች የምናምነው የሰው ዓይን ነበር።

የመጨረሻው ረመዳኑ በመከር ገባ። አገዳው ከሰው ቁመት በልጦ፣ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲነካው ብዙ ሰው የሚያንሾካሹክ ይመስል ነበር። በዚያን ጊዜ የአባቴ ዓይኖች ሞራ ለብሰው ነበር። የምድጃው ጭስ ነው ያደረገው። እሱ ግን "ጉም ነው፣ ያልፋል" ይላል። አንድ ጠዋት ደጃችን ላይ በታሰረችው የወተት ጎሻችን ፊት ቆሞ "ወዐለይኩሙ ሰላም" ሲል ፀጉር አስተካካዩ በኽት ረዋን ሰማው። ቀኑን ሙሉ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ሁጅራ ውስጥ ሲያወራው ዋለ።

"ጎሿ ቀድማ ሰላም ባትለው ኖሮ እሱ መቼ ይመልስ ነበር? ጨዋ ሰው እኮ ነው!"

ሰዉ ሳቀ። አባቴም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስሜ ሰርዛሚን ነው፤ ያለኔ ወንድ ልጅ የለውም። ከመንደሩ ወደ ከተማ ሚኒባስ እነዳለሁ። ቤት ውስጥ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲሄድ የማየው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት የኖረበትን ክብር በአንድ ምሽት ሲያጣው ለማየት አንጀቴ አልቻለም።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን በአንድ አንድ ቴምርና በጥቂት ውሃ አፍጥረን እጁን ይዤ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ቀኑን በባዶ ሆድ ከዋሉ በኋላ የመጀመሪያዋ ጣፋጭ ደም ውስጥ ስትገባ ዓለም ትንሽ ትንሳፈፋለች። ምዕራቡ የበሰለ ኮክ መስሏል። ከአድማሱ በላይ ስስ ስስ ደመናዎች ተጋድመዋል። ከየምድጃው የሚወጣው ጭስ ሳይበተን አየሩ ላይ ቆሞ፣ መንደሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሰው ሁሉ በየጣሪያው ወጥቷል፤ ሆኖም ድምፅ አልነበረም።

"ያቻት" አለ አባቴ።

ወደ ጠቆመበት አየሁ። ደመና ነው። ከደመናው በላይም ባዶ ሰማይ።

"ከመስጊዱ ሚናሬት በስተግራ። ቀንዶቿ ወደ ደቡብ። የሙሽራ ቅንድብ ናት እኮ! አየሃት?"

ዞሬ ፊቱን አየሁ። መጨማደዱ ሁሉ ጠፍቶ፣ ከኔ በዕድሜ ያነሰ ሰው ሆኖ ነበር።

"አየኋት ባባ" አልኩ።

ኢማማችን ሙስተጃብ ከታች ይጠብቀን ነበር። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሰማዩ ደመና ሲኖረው ሁለት ምስክር ይበቃል፤ አንድ ግን አይበቃም። "ሁለተኛው ማነው?" ሲል አባቴ ትከሻዬን መታ አደረገ። "ይኸው፣ የኔው ጎረምሳ።" ኢማሙ ትንሽ አየኝና፣ "ለሰባት መንደር እኔ አልፈርድም፤ ዓሊሙ ዘንድ ሂዱ" አለ። ዓሊሙ ከእኛ በላይ፣ ወንዙ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሰባቱ መንደር ምስክር የሚሰማው እሳቸው ዘንድ ነው።

አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ነዳሁ። ወንዙ በቀኛችን የመጨረሻውን ብርሃን ይዞ አብሮን ይሄዳል። ሬዲዮው የመንግሥት የጨረቃ ኮሚቴ ተሰብስቦ እንደሚመክር፣ እስካሁን ከየትም ምስክር እንዳልመጣ ይናገራል።

"ዝጋው" አለ አባቴ። "እነሱ ፎቅ ላይ ወጥተው ነው የሚያዩት። ጨረቃ ፎቅ ትጠላለች።"

ዘጋሁት። እሱም መንገዱን ሁሉ ስለ ጨረቃዋ ነገረኝ። እንዴት ከደመናው ጠርዝ ብቅ እንዳለች፣ ቀለሟ ትኩስ ወተት ላይ እንደሚረጋው ስልባቦት እንደነበረ፣ አንድ ጊዜ ጠፍታ እንደገና እንደመጣች። እየደጋገመ ነገረኝ። በግማሽ መንገድ ላይ፣ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ፣ ቀጭን ነጭ ነገር ይታየኝ ጀመር። ዓይኔን ብጨፍንም አልጠፋ አለኝ።

ዓሊሙ ምስክርን ለየብቻ ነው የሚጠይቁት። አባቴ ገብቶ ወጣ። ከዚያ እኔ ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ተንበረከክሁ።

"በዓይንህ አየህ?"

"በዓይኔ።"

"ቀንዶቿ ወዴት ነበሩ?"

"ወደ ደቡብ።"

"ምን ትመስል ነበር?"

"የሙሽራ ቅንድብ።"

ጢማቸውን ይዘው ብዙ አዩኝ። "አባትህም እንዲሁ አለ። ልጄ፣ ሰባት መንደር በአንተ ቃል ነው ነገ የሚበላው።"

"ወላሂ አይቻለሁ" አልኩ። የማልኩት እዚያ ነው።

በማግስቱ ኢድ ሆነ። ከወንዙ ወዲህ ብቻ። ቴሌቪዥኑ ጨረቃ እንዳልታየች፣ አገሩ ሁሉ ሠላሳውን እንደሚሞላ ተናገረ። እኛ ግን አዲስ ልብስ ለብሰን ሰገድን፤ በወተት የተቀቀለውን ጣፋጭ ፊደሊኒ በላን። ሰው ሁሉ መጥቶ አባቴን አቀፈው። በኽት ረዋን ሳይቀር ግንባሩን ሳመው፤ "አያ ተውስ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለጎሿም ቢሆን ሰላም እላለሁ" ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሰዎች ጭኜ ከተማ ወጣሁ። ድልድዩ ከመንደራችን ትንሽ ራቅ ይላል። ከወዲህ ሴቶቹ እጃቸው ሂና ነው፣ ልጆች ከረሜላ ያላምጣሉ፣ ወንዶቹ ሽቶ ተቀብተዋል። የድልድዩን የመጀመሪያ ብረት ስናልፍ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ማላመጥ አቆሙ። አንዱ አፉን በትከሻው ጨርቅ ጠረገ። አንዲት እናት የልጇን ከረሜላ ከአፉ አውጥታ መሐረብ ውስጥ ቋጠረች። ወዲያ ማዶ ሱቆች ግማሽ በራቸው ተዘግቶ፣ ሰው ጥላ ሥር ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። ረመዳን ነው። በአንድ ወንዝ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የምነዳ መሰለኝ።

ማዶ የተሳፈረ አንድ ጾመኛ ሽማግሌ ሽቶውን አሽትቶ፣ የሬሳ ሽቶ መስሎት፣ "ማን ሞተ?" ብሎ ጠየቀ።

"ማንም አልሞተም። ኢድ ነው" አለው አንዱ።

"የማን ኢድ?"

አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። በተሻገርኩ ቁጥር፣ መሪውን በያዘው እጄ ላይ የማልኩት ቃል ይከብደኝ ነበር።

ሲመሽ የማዶዎቹም የእኛዎቹም ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጡ። በእኛ አገር ማን እንደተሳሳተ የሚታወቀው በሁለተኛው ምሽት ነው፤ ጨረቃዋ ወፍራም ከሆነች የሁለት ቀን ናት፣ ቀጭን ከሆነች ገና ተወለደች ይባላል። ኢማም ሙስተጃብ "የጨረቃ ውፍረት ማስረጃ አይሆንም፤ ሰውን አታሳስቱ" እያለ በየበሩ ቢዞርም የሰማው የለም። ደመናው ሁሉ ተጠርጎ፣ ከሚናሬቱ በስተግራ ቆመች። ቀጭን ነበረች። ዓይን ቢያርፍባት የምትሰበር።

አባቴ ጣሪያ ላይ ገመድ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚያየው። በእጄ ፊቱን መለስኩለት።

"እንዴት ናት?" አለኝ።

"ቀጭን ናት ባባ።"

"ይሁና። ኢማሙ ውፍረት ማስረጃ አይሆንም ብሏል።" ወደ እኔ ዞረ። "ትናንት ካየሃት ትበልጣለች?"

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። የማወዳድርበት ነገር አልነበረኝም። ትናንት ያየሁት የእሱን ፊት ነው። አገዳው ያንሾካሹካል። ከጎረቤት ጣሪያ የሆነ ልጅ "ያቻት! ያቻት!" እያለ ይጮሃል።

"አላየሃትም" አለ አባቴ።

"አላየኋትም።"

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁን በእጄ ላይ አኑሮ፣ "ጫማዬን ስጠኝ" አለ።

መስጊዱ ድረስ እየመራሁት ሄድን። መንገድ ላይ "እኔ ልናገር" አልኩት። "አንተ ወልደህ የምታሳድግ ነህ፤ በዚህ መንገድ ሰው ጭነህ የምትመላለስ ነህ" አለኝ። "በሐሰት የማለ ሹፌር ማን ይሳፈርለታል?" ኢማሙ የድምፅ ማጉያውን አበራለት። በር ላይ ጫማውን ታቅፌ ቆምኩ። ድምፁ ከሚናሬቱ ወጥቶ በሰባቱም መንደር ላይ ሲሄድ እሰማው ነበር፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

"እኔ ተውስ ኻን ነኝ። ዓይኔ ሞራ አለበት፤ ደብቄያችሁ ነበር። ትናንት ያየሁት ጨረቃ ይሁን ደመና ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄን አትጠይቁት፤ እኔ ያልኩትን ነው ያለው። በኔ ቃል የበላችሁ ሁሉ አንድ ቀን ጾማችሁ ቀዷ አውጡ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።"

ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ከኔ እስከ እሱ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። አልተራመድኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንደ እንቅልፍ አለፈ። ሁጅራው ውስጥ ስንገባ ወሬው ይቆማል። አንዳንዱ በግልጽ አጉረመረመ። በኽት ረዋን እንኳ ለመቀለድ ሞክሮ፣ "አያ ተውስ፣ የበላሁትን ፊደሊኒ አሁን ከየት አምጥቼ ልመልስ?" ሲል የሳቀለት የለም። አባቴ ግን "በሆድህ አለ፤ አንድ ቀን አስርበውና ይወጣል" አለው። ያኔ ጥቂቶች ሳቁ። ሐኪም ሰውነቱ ስለደከመ እንዳይጾም ነግሮት ነበር። ጾመ። በዚያ ምሽት ሲያፈጥር ቴምሩን በእጄ አጎረስኩት። እኔም አጠገቡ ሆኜ የራሴን ቀን ጾምኩ።

ብርዱ ሲጠነክር ሳንባው ታመመ። ዓይኑ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ምዕራብ ያለው መስኮት እንዲከፈትለት ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ሻይ ልታመጣለት ስትነሳ፣ ትንፋሹ ቆመ።

ቀብሩ ላይ ሰባቱም መንደር መጣ። በሞላው አገዳ መካከል ያለው ሜዳ ሰው ሆነ። ሥርዓቱ ነው፤ ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት ወራሹ በሰልፉ ፊት ቆሞ፣ በሟቹ ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም ይቅር ይበል ይላል። ኢማም ሙስተጃብ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት አወጣኝ። ተውስ ኻን በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊቴ ተኝቷል። በዚህ ጊዜ በመካከላችን አንድ እርምጃ ብቻ ነበር።

"በአባቴ ላይ ሐቅ ያለው ካለ" አልኩ። እንደገና ጀመርኩ። "በአባቴ ላይ ለዚያ ኢድ ሐቅ የያዘ ካለ፣ ከሱ ላይ አንስቶ እኔ ላይ ያድርገው። እሱ ያየ መስሎት ነው የመሰከረው። እኔ ምንም ሳላይ ነው የማልኩት። ወላሂ ያልኩት ምንም ሳላይ ነው። በድምፅ ማጉያው የሸፈነልኝ እሱ ነው።"

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላ የበኽት ረዋን ድምፅ፣ ያለ ቀልድ፣ "አላህ ይማረው" አለ። ሌሎችም ተከተሉት፤ እንደ ነፋስ ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ሄደ። ለማን እንዳሉት፣ ለሱ ብቻ ይሁን ለሁለታችንም፣ አልጠየቅኩም። ኢማሙ አጠገቤ ጠጋ ብሎ፣ "የመሐላህን ነገር አንተና ጌታህ ጨርሱት" አለኝ። "አሁን ትከሻህን ስጥ።"

ሬሳ ስንሸከም አንድ ሰው ብዙ አይሄድም። ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ሌላው ትከሻውን ያስገባና ይቀበለዋል፤ ምንዳው ለሁሉም እንዲደርስ። የሬሳውን አልጋ የቀኝ የፊት እግር ያዝኩ። በግራም በኋላም ሰው እየተቀያየረ፣ ትከሻ ከትከሻ እየተሳሳበ ሄድን። እኔን ሊቀበል የመጣ የለም። አቧራው ከእግራችን ሥር እየተነሳ፣ አገዳው በሁለቱም በኩል እያረገደ፣ አልጋው እየከበደ፣ እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ የተሸከምኩት እኔው ነኝ። ቅጣት አድርገውት ይሁን፣ ወይስ አባቴን ለኔ ትተውልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ትከሻዬ ግን በየቀኑ ይሰማኛል።