ባንኩን ያስፈረሰ ፊርማ

ሉቅማን ወደ ድንኳኑ ሲገባ አንድም ሰው ፈቀቅ አላለለትም።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። የከዚራ ሰፈር ሙቀት የእድሩን ሸራ አልፎ አናት ይበሳል። «አላህ ያጽናችሁ» አለ ሉቅማን። ጥግ ላይ ካርታ ከሚጫወቱት አንዱ እግሩን አግዳሚው ላይ ዘርግቶ ክፍቱን ቦታ ዘጋበት። ምን ያድርግ ምስኪን፣ እጁን አጣምሮ መግቢያው ላይ ቆመ።

«አያፍርም እኮ!» አሉ ጎረቤቷ አሮጊት አዴ ደሄቦ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማቸው አድርገው። «ሰውዬውን ገድሎ ለቅሶ ይደርሳል! አቦ፣ የዘንድሮ ልጅ!»

ሰገል ከአዴ ደሄቦ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የሟቹ የዓብዩ አንድያ ልጅ ናት። መሐንዲስ ነች፤ ሉቅማንም እዚያው እሷ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ያረጀ ሕንፃ እየመረመሩ ይጠገን ወይም ይፍረስ ይላሉ። ሰፈሩ ዓብዩን የገደለው የድሮው ባንክ መፍረስ ነው፣ ያስፈረሰውም ሉቅማን ነው ብሎ ደምድሟል፤ ሜትር ይዞ ሲለካ ታይቷላ! የፈረመችው ግን ሰገል ነበረች። ሉቅማን ያውቃል። እስካሁን ትንፍሽ አላለም፤ ሰገልም አላለችም።

ያንን ሕንፃ ባንክ ብቻ የሚለው ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ነው። ባቡሩ እያፏጨ በሚገባበት ዘመን አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ከሐርላ ድንጋይ አስጭኖ ሠራው ይባላል፤ የግድግዳው ውፍረት ክንድ ተኩል ነበር። በኋላ ባንክ ገባበት፤ ዓብዩም በሃያ ዓመቱ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ዘበኛ ይባል እንጂ የማይሠራው ሥራ አልነበረም። ከጀልዴሳ የሚመጡት ከብት ነጋዴዎች ግመላቸውን ደጃፉ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስረው ሲገቡ፣ መፈረም የማይችለውን አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም የሚቀባለት እሱ ነበር። በአማርኛ ያልገባውን በሶማሊኛ፣ በሶማሊኛ ያልገባውን በኦሮምኛ ያስረዳል። ቀለሙንም በራሱ መሐረብ ይጠርግላቸዋል።

የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው የወሰደ ጊዜ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ የባንኩን በር በርግዶ፣ ከጎርፉ የተረፈውን ሁሉ አስገባ። አዴ ደሄቦ ሁለት ልጆቻቸውን አቅፈው የገቡት ያኔ ነው። ሰገል ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ባንኮኒው ላይ አስተኟት። በዚህ ምክንያት አለቆቹ ሁለት ወር ከሥራ ሲያግዱት ዓብዩ ይስቅ ነበር። «ባንክ የሰው አደራ አይደል እንዴ የሚያስቀምጠው? እኔም ሰው አስቀመጥኩ» እያለ።

ባንኩ ወደ አዲሱ የመስታወት ፎቅ ሄደ፤ ዓብዩም ጡረታ ወጣ። የድሮው በር ተቆለፈ። እሱ ግን በየጠዋቱ እዚያው ደጃፍ ላይ በርጩማውን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር።

የሕንፃው ምሰሶ መሰንጠቁ እውነት ነው። ሰገል ጣቷን ስትሰድ ገብቶላታል፤ በሥሩ ደግሞ ተማሪ ያልፋል። ቢሆንም ይጠገን ብላ መጻፍ ትችል ነበር። ጥገናው ወራት ይፈጃል፣ በላይ በላዩ ደብዳቤ ያስጽፋል፤ ታከታት። ይፍረስ ብላ ፈረመች። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ አባቷ፣ «ሰጊ፣ ባንኬን ምን ወሰናችሁበት?» አላት።

«ገና ነው አባ። አልታየም» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ዶዘሩ በመጣ በአምስተኛው ቀን ዓብዩ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰገልን የሚያቃጥላት አንድ ጥያቄ ነው። ውሸቷን አውቆ ነው የሞተው ወይስ ሳያውቅ?

ጋሽ ፋራህ ከድንኳኑ ጀርባ በእጃቸው ጠሯት። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከአባቷ ጋር አርባ ዓመት አብረው በልተዋል፣ አብረው ጫት ቅመዋል።

«ያ ልጅ እንዲህ ሲዋረድ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ» አሉ። «ዓብዩ አደራ እንዳትናገር ብሎኝ ወላሂ ብዬለት ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ምኑን ነው ጋሽ ፋራህ?»

«የማፍረሻው ማስታወቂያ ባንኩ በር ላይ የተለጠፈ ቀን አብረን ነበርን። መነጽሩን ረስቶ ስለነበር እኔ ነኝ ያነበብኩለት። ስምሽ ጋ ስደርስ ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። ሄደህ ምላጭ ግዛልኝ አለ። ከወረቀቱ ሥር ስምሽና ፊርማሽ ያለበትን ለብቻው ቆረጠው፤ ቦጫጭቆ ቱቦ ውስጥ ጣለው። ሰፈሩ ልጄን እንዳይረግምብኝ ነው አለኝ።»

ሰገል የውሃ በርሜሉን ተደግፋ ቆመች። «አዘነብኝ?»

«እንዴት አያዝን? እንዴት አያዝን ልጄ?» አሉ ጋሽ ፋራህ። «ቱቦው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አባቷም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ሕይወቱን የጨረሰው እሷን ሲሸፍን ነው። በሸራው ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ግን ሉቅማን አሁንም እንደቆመ ነው፤ ውሃ የምታዞረው ልጅ እንኳ አልፋው ሄደች።

ገባችና አዴ ደሄቦ ፊት ቆመች። «አዴ፣ ሉቅማንን ተዉት። ባንኩ ይፍረስ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ። ይጠገን ማለት እየቻልኩ ይፍረስ አልኩ። አባቴን ደግሞ ዋሸሁት።»

ካርታው ቆመ። ሉቅማን አቀረቀረ። የአዴ ደሄቦ ፊት ተለዋወጠ፤ አሁን ሊያባርሩኝ ነው ብላ ሰገል ራሷን አዘጋጀች።

«አባትሽ አውቆ ነበር?» አሉ።

«አውቆ ነበር። አሁን ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝም። ማስታወቂያው የተለጠፈ ቀን ጊሽጣ ገዝቶ ገባ። ፍሬውን አንድ በአንድ እየለቀመ አውጥቶ በማንኪያ አበላኝ፤ ‹ምነው ዛሬ ምን ተገኘ?› እንኳ አላልኩትም። ስልኬን እየነካካሁ በላሁለት፣ አዴ። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም!»

«ወይ ዓብዩ» አሉ አዴ ደሄቦ። የሰገልን ክንድ ስበው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት፤ በሻርፓቸው ጫፍ እንደ ሕፃን አፍንጫዋን ጠረጉላት። ሰገል ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ቀበረችበት፤ ሴትየዋ መልሰው ሊስቡት ሲሞክሩም አልለቀቀችውም።