የእንሰት ቅጠል አይቧጭርም

እሱንም አልጠጣሁም፣ አስራ አምስተኛው ኪሎሜትር ላይ ያለውን የውሃ ጠረጴዛ አልፌዋለሁ፣ ነጭ ሽርጥ የለበሰችው ወፍራም ሴትዮ የወረቀት ኩባያዋን እንደዘረጋች ቀረች፣ በሩሲያኛ የሆነ ነገር አለችኝ፣ ስድብ ይሁን ምርቃት እኔ ምን አውቄ፣ እግሬ ደህና ነው፣ ከሆሳዕና ዶዮገና ሽቅብ የወጣ እግር ይሄን የሞስኮ ሜዳ ምን ሊለው፣ የደረቀው አፌ ነው። ጋሼ ኃይለመለኮት፣ አሰልጣኛችን፣ ዛሬ ጠዋት እንደ ሕፃን አስምሎኛል፣ ማራቶን አስር ሺህ ሜትር አይደለም ረሺድ፣ የመጀመሪያህ ነው፣ በየአምስት ኪሎሜትሩ ትጠጣለህ፣ ወላሂ በል። ወላሂ አልኩ። ሦስት ጠረጴዛ አለፈ። ምን አባቴ ሆኜ ነው?

ልማድ ነው በቃ። አባቴ ሁሴን የሰፈራችን ዕድር መልእክተኛ ነበር፣ ሆሳዕና ሰው ሲሞት ሞርሲቶ ላለ ወንድሙ፣ ቦኖሻ ላለች ልጁ በእግሩ ሄዶ የሚያረዳ፣ ጉልበቱ ሲከዳው ሥራው ወደ እኔ ዞረ፣ ሩጫ የተማርኩት እዚያ ነው እንጂ ስታዲየም አይደለም፣ ሰውዬው ሳይቀበር ዘመድ ይድረስ ተብሎ። ሕጉንም ያን ጊዜ ነገረኝ፣ የሞት ወሬ በአፍህ ይዘህ ውሃ አትጠጣም፣ አትቀመጥም፣ ደርሰህ፣ ተናግረህ፣ ጩኸቱን ሰምተህ፣ ያኔ ከዚያው ቤት ውሃ ይሰጡሃል፣ ያኔ ትጠጣለህ፣ ጠጣህ ማለት አደረስክ ማለት ነው። ስንቱን አርድቼ ስንት ጣሳ ውሃ ጠጣሁ። ግን እኮ ዛሬ መርዶ አልያዝኩም፣ ዛሬ የያዝኩት ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ቁጥር ብቻ ነው፣ ሁለት መቶ አስራ ሰባት፣ ታዲያ እጄ ምን አይቶ ነው ኩባያ የማይቀበለው።

ወንዙ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ፣ ይሄ ወንዝ ይከተለኛል ልበል፣ ሰዉስ፣ ያ ረቢ ሰዉ፣ ይሄን ያህል ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲሮጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ ሽማግሌ አለ፣ መነጽር ያደረገች የቤት እመቤት አለች፣ ኋላ ቀርተው እንኳ ይስቃሉ፣ ማን ሞቶባቸው ነው፣ ማንስ አባሯቸው፣ እኛ አገር ሰው በከንቱ አይሮጥም፣ ወይ ሊነግር ነው ወይ ሊያመልጥ። አወል ይሄን ቢያይ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ይስቃል፣ ስነግረው ይስቃል። ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነው ያለው፣ አገሬ እንደገባሁ እጽፍለታለሁ፣ መነጽር ያደረገች እመቤት ከኋላዬ ትሮጥ ነበር ብዬ።

ሃያ። ውሃ። አለፍኩት።

መሄድ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ይሄን ማንም አይክደኝም። ባለፈው ዓመት ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ከየቤቱ ሲለቅም ከእኛ ቤት የተጻፈው ስም ረሺድ ሁሴን ነበር፣ ክለቡ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ጓድ ረሺድ የአብዮታዊት እናት ሀገራችንን ስም በስፖርቱ መስክ ለማስጠራት በዝግጅት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ሊቀመንበሩ አነበበና እሺ አለ፣ ኮታ ግን ኮታ ነው፣ ስሜን ሰረዘና ከሥሩ አወል ሁሴን ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን እንኳ አላስቀመጠም። አወል ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ አንተ በእግርህ እኔ በዕድሌ፣ አለኝ፣ እኔ ልሂድ የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም። በየወሩ ይጽፋል፣ ደህና ነኝ፣ ብርድ ነው፣ ካልሲ ላኩልኝ፣ የመጨረሻው የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፣ አሁን ነሐሴ። ክረምት ነው እንግዲህ፣ ፖስታ ይዘገያል።

ፖስታ ይዘገያል ያለችኝ እህቴ ዘምዘም ናት። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ልሰናበታቸው ሆሳዕና ሄጄ ነበር፣ ጋሼ ኃይለመለኮት አትሂድ፣ ልምምድህ ይበላሻል ቢለኝ እምቢ ብዬ፣ ለቤት ሳልናገር። ከአውቶብስ ወርጄ መጀመሪያ ያገኘሁት ወልደኪዳንን ነው፣ ቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌው፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ይሄ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሰላም ብሎኝ አያውቅም፣ ሲያየኝ ደሞ ዛሬ ማንን ገደልክ ነው የሚለው፣ መርዶ ነጋሪ ስለሆንኩ፣ ያለው ቀልድ እሱ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ከሱቁ ወጥቶ ሁለት እጄን ያዘና እንደምን ከረምክ ረሺድ አለኝ። እንደምን ከረምክ። ሰውዬው አረጀ አልኩ በሆዴ።

ሃያ አምስት፣ አለፈ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል።

እናቴ መርየም አልጋው ባዶውን ቆሞ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ ተኝታለች፣ ወገቤን አሞኝ ነው አለች። አቅፋ ያዘችኝ፣ አለቀቀችኝም፣ የአወል ደብዳቤ መጣ ወይ ብላት፣ ሩጥ ልጄ፣ ሩጥና ተመለስ። እሷ እኮ አወል ሳትል ውላ አታውቅም፣ አወልን ብርድ መታው፣ አወል ምን በላ፣ የዚያን ቀን ስሙን አልጠራችም። ምድጃችን ቀዝቅዟል፣ አመዱ እንኳ ተጠርጓል፣ ቆጮውም ጎመኑም ከጎረቤት ነው የመጣው፣ ተሸፍኖ፣ እንግዳ ሲመጣ ጎረቤት ያግዛል አሉኝ፣ እኔ ደግሞ መንገደኛ ነኝ፣ ርቦኛል፣ በላሁ፣ ጨመሩልኝ፣ በላሁ። ተው። ይሄን አታስብ። ትንፋሽህን ቁጠር፣ ሰማያዊ ማሊያ የለበሰው ሰውዬ ሃያ ሜትር ቢቀድምህ ነው፣ ያዘው። ስንት ለቅሶ ቤት ገብቻለሁ እኔ፣ ስንት እሳት የማይነድበት ቤት፣ ስንት ከጎረቤት ተሸፍኖ የመጣ ምግብ፣ ያዘው አልኩህ ሰውዬውን።

ያዝኩት። ቀደምኩት። ሠላሳ።

የዘምዘም ፊትስ። በሁለቱም ጉንጮቿ ሦስት ሦስት ቀጭን ጭረት፣ ቅርፊት የያዘ፣ ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ጓሮ እንሰት ስቆርጥ ቅጠሉ ቧጨረኝ አለች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ወላሂ ሳቅኩባት፣ ባለሙያ አልኳት። ቅጠሉ ቧጨረኝ። የእንሰት ቅጠል። አንተ የእንሰት አገር ልጅ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርጠህ ራስህ ላይ የምትደፋው፣ ቆጮ የሚጠቀለልበት፣ ሥጋ የሚቀርብበት፣ ሕፃን የሚያስተኙበት ቅጠል ነው የሰው ጉንጭ የሚቧጭረው? አጋም ብትል፣ ቀጋ ብትል፣ ድመት ብትል። ሌላ ውሸት ቶሎ አልመጣላትም፣ እኔም ማመን ስለተሻለኝ አመንኳት። ጥፍር ነው እሱ። ሼሁ በየለቅሶው ፊታችሁን አትንጩ፣ ሐራም ነው እያሉ ይቆጣሉ፣ ሴቶቹ እሺ ይላሉ፣ ከዚያ ይነጫሉ።

ሠላሳ አምስት፣ ጠረጴዛ ነበረ መሰለኝ፣ አላየሁትም። የበላሁት የወንድሜን የለቅሶ እህል ነው። ጨምሩልኝ ብዬ።

አልፈርድባቸውም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ዶዮገና ላለ ባፈና ለሚባል ሰው የልጁን መርዶ ይዤ ደረስኩ፣ ፈረሱን ጭኖ ገበያ ሊወጣ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ጠቀሱኝ፣ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም፣ ገበያውን ውሎ ይግባ፣ እሱ ደግሞ ምን የመሰለ ደግ ሰው፣ ደክሞሃል ብሎ ውሃ አመጣልኝ፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ አልጠማኝም አልኩት። እኔንም እንደ ባፈና ነው የሸኙኝ፣ ውሎ ይግባ ብለው። ጋሼ ኃይለመለኮትም ያውቃል፣ ከቤት ልከውበታል መሰለኝ፣ የአንጋጫ ልጅ ነው፣ የእኛው አገር ሰው፣ ሕጉን ያውቀዋል፣ አህያ ብሎ ካልሰደበኝ የማይነጋለት ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተቆጣኝም፣ ጠዋት ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ክር አሰረልኝ። ጠጣ ብሎ ያስማለኝ ለእግሬ አስቦ ብቻ አይደለም፣ አውቄ እንደሆነ ሊያይ ነው፣ የሚያውቅ ሰው አይጠጣማ። አወልዬ፣ የተሰረዘው ስም የእኔ ነበር እኮ፣ አንተ የገባኸው በእኔ መስመር ነው።

አርባ። ኩባያውን ይዞ የቆመው ጋሼ ራሱ ነው፣ ቆቡን አውልቋል፣ ያቺን ቆብ ከራሱ አውልቆ አይቼው አላውቅም፣ ለካ መላጣ ነው። እግሬ ይቆማል፣ አርባ ኪሎሜትር ያልቆመ እግር፣ ሰማያዊው ያልፈኛል፣ ሌላውም ያልፈኛል፣ ይለፉ። ጋሼ፣ አወል ነው? እለዋለሁ፣ ድምፄ የመልእክተኛ ድምፅ ነው፣ በስንት ሰው ደጃፍ የተናገርኩበት። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዘረጋልኛል።

ጠጣ ልጄ፣ ይለኛል። ልጄ ብሎኝ አያውቅም።

ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እዚህም ጠረጴዛ ላይ ያለች ባለ ሽርጥ ሴትዮ ደረቷን ትይዛለች፣ ሰው ዞር ይላል፣ ከእኔ ነው ለካ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ለካ ሁለት ሳምንት ይዤው ነው የዞርኩት፣ ከሆሳዕና ሞስኮ ድረስ፣ የማደርስበትን ቤት አጥቼ። ኩባያውን እቀበልና እጠጣለሁ፣ አንጠፍጥፌ፣ ውሃው ፀሐይ መቶት ሞቋል። ሁለት ኪሎሜትር ቀርቷል፣ ጋሼ ክንዴን ይዞ ተወው፣ ይበቃል ይላል፣ አይበቃም ጋሼ፣ ሩጥና ተመለስ ብላኛለች፣ እሮጣለሁ፣ እያለቀስኩም ይሮጣል፣ ከአውቶብስ ስወርድ ለወልደኪዳን ጠጥቻለሁ እለዋለሁ፣ እሱ ይገባዋል፣ ከዚያ እቤት እገባለሁ፣ እናቴም ከእንግዲህ እኔን ስታይ ወገቤን አሞኝ ነው ማለት አያስፈልጋትም።