የሌላ ሰው ጉንጭ

"ሽቅብ አይደለም" አለች አማቲቱ፣ የኢቫንቲያን እጅ አንጓው ላይ ይዛ። "አግድም ነው የምትቀቢያት። ባለፈው ነግሬሽ የለ?"

ብሩሹ ከሙሽሪት ጉንጭ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አየር ላይ ቆመ። ኢቫንቲያ በካስቶሪያ ከተማ ሙሽሮችን እያስዋበች ነው ያረጀችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስንቷን ነገረኛ አማት፣ ስንቷን አልቃሽ እናት አሳልፋለች። እጇን ይዛ ያስቆመቻት ግን ወይዘሮ አግላያ የመጀመሪያዋ ነች። የሴትዮዋ ጣቶች ደግሞ፣ ክፍሉ በምድጃ ሞቆ ሳለ፣ ከሐይቅ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ።

"አግድም የሚቀባው እኮ ረዥም ፊት ነው፣ ወይዘሮ አግላያ" አለች ኢቫንቲያ ለስለስ ብላ። "ፊቱን አሳጠር እንዲያደርገው። ሚርቶ ክብ ፊት ነች። ለሷ ከጉንጯ አጥንት ሥር ተነስቶ ወደ ጆሮ ግንዷ ሲሳብ ነው የሚያምርባት።"

"እስቲ በደንብ እያት።"

ኢቫንቲያ መስታወቱ ውስጥ አየቻት። ሚርቶ ከወር በፊት ለሙከራ ወደ ሱቋ ስትመጣ ፊቷ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ክብ ነበር፤ ጸጉሯም ማር የመሰለ፣ የትም የሚበተን። ዛሬ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ አገጯ ሾሏል። ጸጉሯ ጥቁር ተቀብቶ መሀል ለመሀል ተከፍሏል። ቅንድቧም ተለቅሞ ክር አክሏል። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት መክሳቷ፣ ጸጉሯን መቀባቷ የተለመደ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ፊት ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ግን ኢቫንቲያ ከወር በፊት ያየቻትን ልጅ ፈልጋ አጣቻት።

እንደታዘዘችው አደረገች። ቀለሙን ከአፍንጫው ትይዩ አስጀምራ ወደ ጆሮዋ አግድም ሳበችው። በሙከራው ቀን እንዲህ ስትቀባት ፊቷን ጠፍጣፋ አድርጎባት፣ አብረው ስቀው ነበር። ዛሬ ልክክ አለ። ቀለሙ ለዚያ ፊት የተሠራ ይመስል ነበር፤ ያልገባት ነገር ፊቱ የማን እንደሆነ ነው።

ቤቱ ሐይቁ ዳር የተሠራ በመሆኑ ውኃው ከወለሉ ሥር ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል። ከመስኮቱ ውጭ ከጠዋት ጀምሮ የወረደው ጉም ማዶውን ሸፍኖታል። ሚርቶ አባትም እናትም የላትም፤ ያሳደገቻት አክስቷ ታማ ከሳሞስ ደሴት መምጣት አልቻለችም። ወደ ካስቶሪያ የመጣችው በእነ አግላያ የጸጉራም ቆዳ ካፖርት መስፊያ ቤት ለመሥራት ነበር፤ እዚያው የቤቱ ልጅ ስትራቶስ አያት፣ ወደዳት ተባለ። እናም የምትዳረው ከአማቷ ቤት፣ በአማቷ እጅ ነው። የለበሰችው ቬሎ እንኳ ከብል መከላከያው ከካምፎር ሽታ ጋር ከሣጥን የወጣ ነው።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የስትራቶስ አያት እማማ ካሊሮይ ነበሩ፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡና ሙሽሪት ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ረዥም ጊዜ አዩዋት።

"መጣሽ፣ ፎቲኒ" አሉ።

 አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የቬሎውን ጫፍ በጣቶቻቸው መሀል አሸት አሸት አደረጉት፤ ልብስ ከገመድ ላይ ለማውረድ የምትፈትሽ ሴት እንደምታደርገው።

"ደርቆልሻል" አሉ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጉንጯን ነኩ። "ያን ቀን ሲያወጡሽ እዚህ ጋ ሰማያዊ ነበር። አሁን ቀላ። ተመስገን።"

ወይዘሮ አግላያ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውጭ መራቻቸው። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እናቴ አእምሯቸው ከሄደ ቆይቷል፣ አትስሟቸው አለች። ኢቫንቲያን ያስበረገጋት የአሮጊቷ ንግግር አልነበረም። የአግላያ ፊት ነው። አልደነገጠችም፣ አላፈረችም። ሥራዋ በዳኛ ፊት እንደተመሰከረላት ሰው ከንፈሯ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ ነበር።

በሩ ተዘጋ። ሚርቶ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል ጠየቀች።

"ፎቲኒ ማናት፣ እትዬ?"

ኢቫንቲያ ብሩሾቿን መጥረግ ጀመረች፤ የተጠረገውን ብሩሽ ደግማ ጠረገች። በዚህች ከተማ ግማሹን ሙሽራ ወደ እሷ የምትልከው አግላያ ነች። አላውቅም ማለት ቀላል ነበር። ግን ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ በዚያ የሌላ ሰው በሆነ ፊት ስታያት ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አለ።

እሷ ያኔ ለጥቂት ወራት ተሰሎንቄ ሄዳ ትሠራ ስለነበር የሰማችውን ብቻ ነገረቻት። ፎቲኒ የስትራቶስ እጮኛ ነበረች። ሠርጋቸው ሊደርስ ሲል በክረምት በጀልባ ወጥታ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመች። ጀልባዋ ተገለበጠች ያሉም አሉ፤ ውኃው ጸጥ ያለ ነበር፣ ምን ይገለብጣታል ያሉም አሉ። ኢቫንቲያ ልጅቷን በዓይኗ አይታት አታውቅም።

ኢቫንቲያ ስታበቃ፣ ሚርቶ በዝግታ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና የሆነባትን ተራ በተራ አወጣችው። ጸጉሩን አግላያ እንደ ስጦታ ነበር ወስዳ ያስቀባቻት። ቬሎው እንዲገባሽ ትንሽ ቀንሺ ያለቻትም እሷ ነች፤ ቬሎው ለስትራቶስ የአክስት ልጅ ተሰፍቶ ሳይለበስ የቀረ ነው ተብላ ነበር። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ስትራቶስ እሷን የሚያይበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ባለፈው እሑድ እራት ላይ እጇን ይዞ አለቀሰ።

"ፍቅር መስሎኝ ነበር" አለች። "ደስ ብሎኝ አደርኩ።"

ከወለሉ ሥር ውኃው ድንጋዩን መታ። ሚርቶ እጇን ወደ ጉንጯ ሰደደችና ሳትነካው መለሰችው፤ የሌላ ሰው ጉንጭ መንካት እንደፈራች ሁሉ።

"ለክብ ፊት እንዴት ነው ያልሽው?"

"ከአጥንቱ ሥር ተነስቶ ሽቅብ።"

"አሁን ግን ክብ አይደለሁም።"

"ሥጋ ይሄዳል፣ ይመጣል" አለች ኢቫንቲያ። "አጥንትሽ ያው ነው። እኔ የምቀባው አጥንቱን ተከትዬ ነው።"

"እንግዲያው ይሄን ጥረጊልኝ። የሚያገባው እኔን ከሆነ ያውቀኛል።"

ኢቫንቲያ ተነስታ በሩን ቆለፈች። ጥጡን በዘይት አርሳ ከግራ ጉንጯ ጀመረች። ቀለሙ በቀላሉ አልለቀቀም፤ ሦስት ጊዜ ጥጥ ቀየረች፣ ቆዳው እስኪቆጣ። ለአፍታ በመስታወቱ ውስጥ አንዱ ጉንጭ የሚርቶ፣ ሌላው የዚያችኛዋ ሆነው ተቀመጡ፤ ኢቫንቲያም ሳታስበው አማተበች። ከዚያ ቀኙን ጠረገች። ቅንድቧን በእርሳስ ሞላችው፣ መሀል ለመሀል የተከፈለውን ጸጉር ወደ ጎን አጋደለችው። በመጨረሻ ለስላሳውን ሮዝ ቀለም አነሳችና አጥንቱን በአውራ ጣቷ ዳስሳ፣ ከሥሩ ወደ ጆሮ ግንዷ ሽቅብ ሳበችው። የከሳች፣ የደከመች፣ ግን ራሷን የሆነች ልጅ ብቅ አለች።

ወይዘሮ አግላያ ሁለት ጊዜ አንኳኩታ ነበር። ሲከፈትላት ደጃፉ ላይ ቆማ ሙሽሪትን ተመለከተች። ቁጣ ይመጣል ብላ ኢቫንቲያ ትከሻዋን አጠንክራ ጠበቀች። አግላያ ግን ቀረብ አለችና ዓይነ ርግቡን በሁለት እጇ ፊቷ ላይ አወረደችው፣ ሬሳ እንደሚሸፍን ሰው ተጠንቅቃ።

ሙሽሪት በእነሱ መኪና ሄደች። ኢቫንቲያም በራሷ አሮጌ መኪና ተከተለቻቸው፤ ሙሽራዋ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስትወርድ ላቡን መጥረግ፣ የተበላሸውን ማቃናት የሥራዋ ወግ ነው። ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው የፊተኛውን መኪና ቀይ መብራት ብቻ እያየች ነዳች።

ስትራቶስ አበባውን ይዞ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል። መልከ መልካም፣ ትከሻው የወደቀ ወጣት ነው። ሚርቶ ወደ እሱ ሄደች። ከፊቱ ስትደርስ እሱ እስኪገልጥላት አልጠበቀችም፤ ዓይነ ርግቡን ራሷ ወደ ኋላ አነሳችው።

ፊቱ ላይ ሊበራ ጀምሮ የነበረው ነገር ጠፋ። ጉንጮቿን አየ። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ መኪናው ተመለከተ፤ በሩ ክፍት ነበር፣ ውስጡ ባዶ። ሌላ የምትወርድ ሴት የቀረች ይመስል እያየ ቆየ። ማንም አልወረደም። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ ሙሽሮቹ ዞሩ።

"እማዬ" አለ ስትራቶስ፣ ከሙሽሪት ራስ በላይ፣ አሻንጉሊቱ እንደተሰበረበት ሕፃን ድምፅ። "ለምን ቀየራችሁት?"

ሚርቶ ይህን ሰማች። ኢቫንቲያ ሦስት እርምጃ ብቻ ርቃ ስለነበር የልጅቷ ፊት እንዳልተለወጠ አየች።  የተዘረጋላትን አበባ እጁ ላይ ትታው ዞረች፤ የቬሎውን ጫፍ ከእርጥቡ ድንጋይ በአንድ እጇ ሰብስባ ደረጃውን ወረደች። አግላያ ስሟን ጠራች፣ የሚርቶን ስም። ከዚያ ኢቫንቲያን ጠራችና፣ ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ፣ በዚህ ከተማ ከእንግዲህ ሙሽራ አትነኪም አለቻት፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ምክር።

ሚርቶ ከአሮጌዋ መኪና አጠገብ ቆማ ነበር። ከጉሙ የተነሳ ነጩ ቬሎ ግማሹ አይታይም፤ በደንብ የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው።

"እትዬ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ነው የምትሄጂው?"

ኢቫንቲያ ቤቷ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የመኪናዋን በር ከፈተች፣ የቀለም ሣጥኗን ከፊት ወንበር አንስታ ወደ ኋላ አደረገችው፣ ቬሎው በሩ ላይ እንዳይያዝም ጎንበስ ብላ ጫፉን ወደ ውስጥ ሰበሰበችላት።