ራጅ ከመነሳቷ በፊት

«እርጉዝ ነሽ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ ዓይኑን ከልብስ ሰፊዋ አፍ ሳያነሳ።

ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ትንሽ መስታወትና የሐኪሙ ሁለት ጣቶች ነበሩ። ስለዚህ አማቷ መለሱላት።

«ኧረ የለም፣ የምን እርጉዝ! ቢሆንማ መጀመሪያ የምሰማው እኔ አይደለሁም?»

እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው መጀመሪያ ከሰሙ ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማው ሰፈሩ በሙሉ ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም። ደግ ናቸው፤ ወሬ ግን ሆዳቸው ውስጥ አያድርም፣ በተለይ የደስታ ወሬ። ምራታቸው ከዚህ በፊት ሁለቴ ስታረግዝ ሁለቴም ከዳቦ ቤት እስከ መድኃኒት ቤት አዳርሰውታል። ሁለቴም ሲያስወርዳት፣ ያ «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለ ሰው ሁሉ በየተራ ሊያጽናናት መጣ። ዳቦ ሻጩ ሳይቀር «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» አላት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። አሁን በሦስተኛው አሥር ሳምንት ሞልቷታል። ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱንም አስምላዋለች።

ሐኪሙ መስታወቱን አወጣ። «እሺ፣ የትኛው ነው የሚያምሽ?»

«ይሄኛው» አለች ከታች በግራ በኩል ያለውን መንጋጋ ነክታ። «አይ፣ ቆይ… ከጎኑ ያለውም መሰለኝ።»

«በቃ ንቀልላትና ትገላገል!» አሉ አማቷ። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል በአፏ አልዞረም። እኔን!»

«የቱን ልንቀል እናቴ?» ሐኪሙ ሳቀ። «እኔ ለመጣው ሁሉ ራጅ አላዝም። በዓይኔ ያየሁት ከበቃኝ እሱን ይዤ እሠራለሁ። ይሄኛው ግን ድሮ የተሞላ ነው፤ ከሙሌቱ ሥር ምን እንዳለ አይታየኝም። የዚያኛውም ሥር መግል ይዞ እንደሆነ ድድ ሸፍኖታል። በግምት ብነቅል ደህናውን አውጥቼ በሽተኛውን ላስቀርላት እችላለሁ።»

«ውይ፣ እንዲያማ ከሆነ ይነሳ» አሉ አማቷ።

የራጅ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ ከግድግዳው የወጣ ረጅም የብረት ክንድ፣ መስቀያ ላይ ደግሞ ጨረር እንዳያልፍ የእርሳስ ብረት የተሰፋበት ከባድ ሽርጥ። ራጅ አንሺዋ አማቲቱን በትህትና ውጭ አስቀርታ በሩን ዘጋች።

«እኔም ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ሥራዬ ነው» አለች። «የወር አበባሽ መቼ መጣ?»

ልብስ ሰፊዋ ሽርጡ ላይ አፈጠጠች። እንደ ቅድሙ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን አፏ ውስጥ የማንም ጣት የለም፣ የሚመልስላትም ሰው የለም።

«አሥር ሳምንቴ ነው» አለች። «ውጭ ያሉት ግን አያውቁም።»

ራጅ አንሺዋን አልገረማትም። ወጥታ ሐኪሙን ጠራችው። ልብስ ሰፊዋ ሐኪሙ ገና እንደገባ፣ «ቢያስወርደኝስ?» አለችው። እንባዋ መጣ።

«የጥርስ ራጅ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «የሚያርፈውም ጉንጭሽ ላይ ነው፤ ሆድሽን ደግሞ በሽርጡ እንሸፍነዋለን። እንዲሁ ለማየት ያህል ቢሆን ከወለድሽ በኋላ ነይ እልሽ ነበር። መግል ካለ ግን ሰባት ወር አይጠብቅም። ለአንቺም ለልጅሽም ከራጁ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ መግሉ ነው። ግን ያለ ፈቃድሽ አላነሳም።»

ልጅሽ አላት። አሥር ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም፤ እሷና ባሏ እንኳ «ነገሩ» ነበር የሚሉት። ፈራች፣ ደስም አላት።

በሩ ተንኳኳ። «ምን ሆናችሁ? ፎቶ ማንሳት ነው እንዲህ የሚያቆየው?» አሉ አማቷ።

«ምን ልበላቸው? ማሽኑ እምቢ አለ ልበል?» አለች ራጅ አንሺዋ በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። ሰፈሩን ሁሉ ያስመጡባት እሳቸው ናቸው። ግን ባለፈው፣ አጽናኙ ሁሉ ሄዶ ባሏም ሥራ ሲገባ፣ አንሶላዋን ያጠቡት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግሯን ይዘው የዋሉትም እሳቸው ናቸው። ብቻዋን መፍራት ሰልችቷታል።

«ይግቡ» አለች።

ገቡ።

«እማዬ፣ አርግዣለሁ። አሥር ሳምንቴ ነው። የደበቅኩዎት… ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው። እንደገና ሊያጽናኑኝ እንዳይመጡ።»

የአማቷ ፊት በደስታ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «አፌን በቆረጠው!» አሉ። «ለካ እኔን ፈርተሽ ነው!» ግንባሯን ሳሟት። ራጅ አንሺዋ በሩን ስታሳያቸው ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ።

«እሺ፣ አንሺኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከባዱ ሽርጥ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ ተዘረጋ። የራጅ ፊልሙን የያዘችውን ትንሽ ፕላስቲክ በመንጋጋዋ ነከሰች። ከኮሪደሩ የስልክ ጥሪ ተሰማ፣ ቀጥሎም የአማቷ ድምፅ።

«አቤት ጎረቤቴ… አዎ፣ እዚሁ ነን… ጥርሷን ነው።» ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ያዘች። «ጥርሷን ብቻ ነው አልኩሽ እኮ! በይ ቻው።»

«አትንቀሳቀሺ» አለች ራጅ አንሺዋ።