የዳሽቦርዱ ሽምብራ

ዓለምብርሃን የሚባለውን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን አንጀቴን አሳርሮታል። የዳባት ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የፓይለትነት ትምህርት ላይ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው ከጽጌሬዳ ስልክ ነው።

ጽጌሬዳ የእኔ ናት። ማለቴ፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። ዳባት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ቤተሰቦቿ ያሉት ደባርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። ጠዋት አደርሳታለሁ፣ ማታ እመልሳታለሁ። ጋቢናው የእሷ ነው። ማንም ቢለምነኝ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም፤ ተይዟል እላለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ለምዶታል፤ ሰርጉ መቼ ነው እያለ ያሾፍብናል።

ዘንድሮ አብራሪ ልሁን አለች። ትሁን፤ ምኞቷን ከጥንትም አውቃለሁ። እኔን ያንገበገበኝ መንገዱን የሚያሳያት እሱ መሆኑ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ማለፏን ስትሰማ መጀመሪያ የደወለችው ለእሱ ነው። አጠገቧ መሪ ጨብጬ ተቀምጬ! ቀናሁ። አዎ፣ ቀናሁ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ከእሱ ጋር ስታወራ ቆይታ ስልኩን ስትዘጋ ለእኔ ታስረዳኛለች። የሽምብራ ቆሎዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ዳሽቦርዱ ላይ ትደረድራለች። ይኼ ፈተናው፣ አልፌዋለሁ ትልና ትቆረጥመዋለች። ይኼ የጤና ምርመራ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ። ቀጥሎ የክፍል ትምህርት። ቀጥሎ በትንሿ አውሮፕላን ከአስተማሪ ጋር፣ ከዚያ ብቻዋን። ከዚያ ደመና ውስጥ መሣሪያ እያዩ መብረር። ከዚያ ፈቃድ ማግኘት፣ በመጨረሻም ከካፒቴኑ ጎን ረዳት አብራሪ ሆኖ መቀመጥ። ኩርባ ላይ ስንደርስ ሽምብራው እንዳይንከባለል በመዳፏ ትከልለዋለች።

አንድ ቀን እኔስ የትኛው ሽምብራ ላይ ነኝ አልኳት። ሳቀችና አንዱን አንስታ አፌ ውስጥ ከተተችው። ይኼ መልስ ነው? የምትደብቀው ነገር ያላት ሰው መልስ ነው እንጂ! ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪው ጋር ስነታረክ ዋልኩ።

የጤና ምርመራው ማክሰኞ አዲስ አበባ መሆኑን ስሰማ አንድ ዘዴ መጣልኝ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የተላከባት ልጅ መልሱ እስኪነገር ከቤት አትርቅም። መልሱ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይነገርም። አባትየው ልቡ ቢፈቅድ እንኳ ከዘመድ ልማከርበት ብሎ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስጠብቃል፤ ክብሩ ነው። እሁድ ሽማግሌ ብልክ፣ ማክሰኞ ደባርቅ ናት። ምርመራው ያመልጣታል፣ ሽምብራው ይበተናል፣ ዓለምብርሃንም ደመናው ውስጥ ብቻውን ይኑር። ደግሞስ ሽማግሌ መላክ ወግ ነው፤ ማን ምን ይለኛል?

የእነ ጽጌሬዳን የነፍስ አባት ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስን አስቀድሜ ሽማግሌዎቼን ከቅዳሴ በኋላ ላክሁ። እኔ ከመንገዱ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ። እንደ ወጉ ቆመው ተናግረው፣ ተቀጥረው ወዲያው ይመለሳሉ ስል ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ የቄሱ ፊት በርቷል፣ ጠላ ጠላም ይሸታሉ።

"ደርቤ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አሉኝ።

አባቷ አቶ አለነ ነገሩ ተነግሮ ሳያልቅ ተቀመጡ ብለው፣ ልጄን ሰጥቻለሁ ብለዋል። በመጀመሪያው ቀን! ምን ነካቸው ብዬ ጠየቅሁ። ጽጌሬዳ ከፋሲካ ጀምሮ ስትለምናቸው ኖራለች አሉኝ፤ ደርቤ ሽማግሌ የላከ ቀን አታስጠብቁብኝ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ፣ እዚያው እሺ በሉልኝ እያለች።

መሪው ላይ ተደፋሁ። ቄሱ ደስታ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሰኞ ወደ ጎንደር ጭኜ አውሮፕላን ማረፊያ የማደርሳት እኔው ሆንኩ። ጋቢናውን ከፍቼ ጠበቅኋት። አልፋኝ ከኋላ በሁለት ነጋዴ ሴቶች መካከል ገባች። አምባ ጊዮርጊስ ደረስን። እዚያ ሰው ላወርድ ስቆም በመስታወቱ አየችኝ።

"ደርቤ፣ እስከ ዛሬ ያልላክኸውን ሽማግሌ ማክሰኞ ሊደርስ ሲል የላክኸው ልትወስደኝ ነው ልታስቀረኝ?"

ውሸቱ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን በዚያ ዓይን እየታየሁ መዋሸት አልሆነልኝም።

"ላስቀርሽ" አልኩ።

ነጋዴዎቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ስልኳ ጠራ፤ እሱ መሆን አለበት። አነሳችና እየመጣሁ ነው አለችው። በዚያ ሁሉ ኀፍረት ውስጥ እንኳ ቅናቱ አልለቀቀኝም።

ማረፊያው በር ላይ ሻንጣዋን ራሷ አወረደች። ሰርጉስ አልኳት፣ ድምፄ እንደ ለማኝ ሆኖ። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"አባቴ እሺ ብሎሃል" አለች። "እኔ ግን ልማከርበት።"

ለመልሱ ቀን አልቀጠረችኝም። ወደ ደባርቅ ስጭን አንድ ሰውዬ የጋቢናውን በር ከፍቶ ሰው አለው ወይ አለኝ።

ተይዟል አልኩት።